ተጠርጎ የከረመው ደጅ

ካማዶ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የጃፓኗን የኦኪናዋ ደሴት ባሕር ከጓዳዋ አስበልጣ ታውቀዋለች። ለጎብኚ ጠላቂዎች ያላት ንቀት ደግሞ ወሰን የለውም። በጀልባ ይመጣሉ፣ የዳክዬ እግር የመሰለ ጎማ ያጠልቃሉ፣ አንዲት ብርቱካናማ ዓሣ ከኮራል ድንጋዩ መሃል ብቅ ስትል እዚያው ውሃ ውስጥ ያጨበጭባሉ። «ጉድ ነው! ዓሣ ዋኘ ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው!» ትላለች።

ከሁሉ የባሰው ሞኝ ግን የልጇ የቺዬ ባል ነው። ሂሮአኪ ከኦሳካ የመጣ፣ ዋና በገንዳ የተማረ፣ እነዚያን ጉዶች ባሕር ውስጥ እየመራ የሚያስጎበኝ ሰው ነው። የሰባ ዓሣ አጠገቡ ሲያልፍ በጣቱ ይጠቁማል እንጂ አይይዝም። «አንተ ባሕሩን መስኮት አደረግኸው» ትለዋለች ፊት ለፊት። እሱ ሳቅ ብሎ ያልፋል፤ ይሄ ደግሞ ይብስ ያናድዳታል።

በዚያ ሰፈር ኦክቶፐስ፣ ያ ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ፣ የሚኖርበት የባሕር ውስጥ ጉድጓድ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛውም አይናገርም። አንዱ ኦክቶፐስ ሲያዝ ሌላው መጥቶ እዚያው ይገባል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ርስት ነው። ኦክቶፐስ ግን የበላውን የሸርጣን ቅርፊት ደጁ ላይ ይጥላል፤ ቅርፊቱ ለሌባ ምልክት ይሆናል። ካማዶ እንደ እናቷ ጠልቃ ትጠርገዋለች። ወደ ቤቷ ስትመለስም ከየት እንደመጣች እንዳይታወቅ ሰፈሩን ዞራ ነው። ጭንቀቷ አንድ ነው፤ ቺዬ ባሕር አትወድም፣ ታዲያ ጉድጓዶቹ ለማን ይቅሩ? «ለዚያ ለኦሳካው? ሻርክ ይብላኝ!»

አንድ ቀን ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ሜንጦዋን ይዛ ወረደች። የድሮ የውሃ መነጽሯን አድርጋ አንገቷን ውሃው ውስጥ ስትደፋ፣ ሂሮአኪን እጁን ጉድጓዷ አፍ ላይ አድርጎ አየችው። ጎብኚዎቹ ራቅ ብለው አንዲት ኤሊ ከበው ፎቶ ያነሳሉ። ደሟ ፈላ። በሜንጦው እጀታ ጀርባውን አቀመሰችው። ሁለቱም ብድግ ብለው ቆሙ፤ ውሃው ደረታቸው ድረስ ነበር።

«ሌባ! ያጎረሰህን እጅ ትነክሳለህ?»

«ኧረ ቀስ እማማ፣ ጀርባዬን ሰበሩት!»

«ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ነዎት። የባሕሩ ወለል በሙሉ የዛጎል ስብርባሪ ሆኖ ይሄ ደጅ ብቻ እንደ ሙሽራ ቤት ተጠርጎ አየሁት። ካወቅሁት ስምንት ዓመቱ ነው።»

ስምንት ዓመት! ካማዶ ፊቷ ጋለ። እናቷና እሷ ዕድሜ ልካቸውን ሲደብቁ የኖሩትን መጥረጋቸው ሲያሳብቅ ኖሯል!

«ታዲያ ስንቱን በላህብኝ?»

«አንድም። ባዶ አግኝተውት ያውቃሉ?»

አግኝታው አታውቅም።

«እጅህስ እዚያ ምን ይሠራል?»

ወገቡ ላይ ያሰረውን መረብ ከፍቶ አሳያት። የሸርጣን ቅርፊት ሞልቶታል። «ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ግማሹን እየተዉት ነው የሚሄዱት። ሌላ ሰው ቅርፊቱን እንዳያይብዎት ብዬ ነው።»

ካማዶ አፈረች፤ ማፈሯም አናደዳት። «ይሄን አወቅሁ ብለህ እንዳትኮራ! ይሄ ትንሹ ነው። ትልቁን ብሞት አልነግርህም!»

ሂሮአኪ ማጅራቱን አከከ። «ከተሰነጠቀው ድንጋይ ሥር ያለውን ነው? እሱንማ ማክሰኞ ጠረግሁት።»

«ደደብ!» አለችው። ሜንጦዋን አስይዛው ከውሃው ወጣች፤ ወደ ቤቷም በቀጥታው መንገድ ሄደች።