የሸዋሉል ሳይክል የፊት ሹካ

ሸዋሉል የወደቀችው ባለፈው ኦክቶበር፣ ስዊድን አገር፣ ሶደርማልም በሚባል የከተማ ሠፈር ውስጥ፣ ከአንዲት አሮጊት ቤት ወጥታ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ስትሄድ ነው። ቧንቧ ለመቅበር የተቆፈረ መንገድ ላይ የብረት ሳህን አጋድመውበት ነበር። በሳህኑና በአስፋልቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የሳይክሏ የፊት ጎማ እዚያ ገባ። ሳይክሉ ቆመ፤ እሷ ግን አልቆመችም።

ስትነሳ መጀመሪያ ያየችው ትከሻዋን አይደለም፤ ስልኳን ነው። ስልኩ ላይ ቀጣዩ ሥራዋ ተጽፏል፦ «መድኃኒት፣ ቁርስ፣ አስራ አምስት ደቂቃ።» በግራ እጇ ቢሮ ደወለችና እንደምትዘገይ ተናገረች። ከዚያ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መነሳት አልቻለችም። ከአንገቷ ወደ ቀኝ ትከሻዋ የሚሄደው አጥንት ተሰብሮ ነበር።

የሳይክሉም ጉዳት ከእሷ አላነሰም። የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ አቅፎ የሚይዘው ሹካ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ጎማው ከፔዳሉ ጋር ሊነካካ ደርሷል።

ሸዋሉል ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። በሱዳን በኩል ስዊድን የገባችው የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለች ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከከተማው ዳር ባለችው ፊቲያ ትኖራለች። ባሏ ጎተንበርግ ሄዶ ሌላ ኑሮ ሲጀምር፣ ልጃቸው ሔዋን ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ሸዋሉል በዚያው ዓመት ሄምሼንስት ገባች፤ በየቤቱ እየዞሩ አቅመ ደካሞችን የማጠብ፣ የማብላትና መድኃኒት የመስጠት ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ከሌሎች ስደተኛ ሴቶች ጋር መኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ሳይክል መንዳት ተማረች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጉልበቷ ሳይላጥ የዋለ ቀን አልነበረም።

ሳይክሉን ያገኘችው አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሎፒስ ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ከእሷ ብዙም የማያንስ ዕድሜ ያለው የብረት የእሽቅድምድም ሳይክል። ሻጩ «ይሄ እኮ የወንድ ነው» ቢላት፣ «ሳይክልም ወንድና ሴት አለው እንዴ?» ብላ ወሰደችው። ቁመቷ ረጅም ስለሆነ ልክ ሆነላት። ከዚያ ወዲህ በረዶ በሌለበት ወር ሁሉ ከፊቲያ ሶደርማልም ድረስ በእሱ ስትመላለስ ኖራለች።

አጥንቷ እስኪጠግን ዓመቱ አለቀ። ጃንዋሪ ላይ በግማሽ ቀን ወደ ሥራ ስትመለስ ሐኪሙ ለትከሻዋም፣ አብሮ ለተጎዳው ጀርባዋም ሲል ሰው ማንሳት ከልክሏት ስለነበር ምግብ የማሞቅና መድኃኒት የማስታወስ ሥራ ብቻ ሰጧት። ሥራው ቀላል ነው፤ እሷ ግን ከበፊቱ የበለጠ ደከማት። ጠዋት ስትነሳ ይደክማታል፣ ባቡር ውስጥ ቆማ ይደክማታል፤ ማታ ቁልፏን በሩ ላይ ስትሰካ፣ ለመግባት ይሁን ለመውጣት ለአፍታ ይጠፋታል።

ሔዋን አንድ እሁድ መጥታ የተጣመመውን ሳይክል በረንዳው ላይ አየችው። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው።

«ማማ፣ ይሄን ጣይውና አዲስ እንግዛልሽ። ባትሪ ያለው። ዳገት ላይ ራሱ ይገፋሻል።»

«እኔ የሚገፋኝ አልፈልግም። ይሄ ሹካው ብቻ ነው የተበላሸው።»

«ሃምሳ ዓመት የሆነው ሳይክል ሹካ ከየት ይመጣል?»

«ይፈለጋላ!»

ሔዋን ትከሻዋን ሰበቀችና ስልኳን አወጣች። እናቷ እንቢ ካለች እንቢ እንደምትል ታውቃለች። እዚያው ተቀምጣ ከኢንተርኔት አንድ አዲስ ሹካ አዘዘችላት።

ሹካው በሳምንቱ መጣ። ጥቁር፣ ቀላል፣ የሚያምር ዕቃ ነው። ግን ከሹካው ወደ ላይ የሚወጣው ግንድ፣ ማለትም በፍሬሙ አንገት ውስጥ አልፎ ከመሪው ጋር የሚገናኘው ቧንቧ፣ ወፍራም ነበር። የአሁን ጊዜ ሳይክሎች አንገታቸው ሰፊ ነው፤ የሸዋሉል ሳይክል አንገት አንድ ኢንች ብቻ ነው። አልገባም። መልሰው ላኩት። ሁለተኛው ውፍረቱ ልክ ሆነ፤ ርዝመቱ ግን በሦስት ጣት አነሰ። እሱንም መለሱት። ሸዋሉል ሁለቱንም ጊዜ ጥቅሉን ተሸክማ ፖስታ መቀበያው ድረስ ሄዳ ስትመለስ፣ ተሰብሮ የነበረው ትከሻዋ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዛት አደረ።

ፍለጋው በተጀመረ በሦስተኛው ወር ፍሬሙን ራሱን ይዛ ባለሙያ ጋ ለመሄድ ቆረጠች። ጎማዎቹንና መሪውን ፈትታ፣ ፍሬሙን በአንድ አሮጌ አንሶላ ጠቅልላ ፊቲያ ያለው የቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ጣቢያ ገባች። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ አስቆማት።

«ሳይክል ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

ሸዋሉል አንሶላውን ገለጠችለት። «ጎማ አለው?»

«የለውም።»

«መሪ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ሳይክል አይደለም፤ ብረት ነው።»

ጠባቂው ብረቱንም እሷንም ትንሽ ተመለከተና አሳለፋት።

ሶደርማልም ያለው የሳይክል ሱቅ ውስጥ የቆመው ጎረምሳ ትሁት ነበር። ፍሬሙን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ አንገቱን ለካ፣ ኮምፒዩተሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ሹካ እነሱ ዘንድ እንደማይመጣ ነገራት። «ግን በጣም ያምራል» አላት። «ሳሎን ግድግዳ ላይ ብትሰቅይው ጥሩ ነው።»

ሸዋሉል አንሶላውን ዘረጋች። ፍሬሙን መልሳ ጠቀለለችና ወጣች። ሱቁ ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ፍሬሙን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ማልቀስም አቅም ይጠይቃል። የመጣችበት ባቡር ጣቢያ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሷ ግን ከወንበሩ የተነሳችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ወደ ሠፈሯ ሳይክል ጠጋኝ ወደ ጋሽ ዓሊ የሄደችው በማግስቱ ነው። ጋሽ ዓሊ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ብረታ ብረት ቤት ሠርተዋል፤ ስዊድን ከመጡ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶቡስ ሲጠግኑ ኖረዋል። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ፊቲያ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሥር ባለ ምድር ቤት ተቀምጠው የሠፈሩን ሳይክል ያድሳሉ። ሸዋሉል ፍሬሙንና የታጠፈውን አሮጌ ሹካ ይዛ ስትገባ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ነይ ግቢ ሸዋ። ሻይ እንዳልጋብዝሽ ረመዳን ነው።»

«እኔም ሁዳዴ ይዣለሁ ጋሽ ዓሊ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ባዶ ሆድ ነን። ለመጨቃጨቅ አቅም የለንም፤ ሥራ ብቻ እንሥራ።»

መጀመሪያ ሲባጎ አወጡ። ከኋላ ጎማው መያዣ በአንገቱ አዙረው ወደ ሌላው መያዣ ወጥረው፣ በሲባጎውና በፍሬሙ መካከል ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ። እኩል ሆነ። ፍሬሙ አልተጣመመም። ከዚያ ከአንገቱ ሥር እጃቸውን እያሳለፉ ብረቱን ዳበሱ፤ ስንጥቅ አላገኙም።

«ይሄ ብረት ደህና ነው» አሉ። «ጥፋቱ ያንቺ አፈላለግ ነው።»

«እንዴት?»

«ሹካውን ብቻ ነው የምትፈልጊው። የድሮውን መሪ፣ የድሮውን ኩሽኔታ፣ የድሮውን የፊት ጎማ እንደነበረ ይዘሽ፣ ለእነሱ የሚሆን ሹካ ስትፈልጊ ሦስት ወር አለፈ። አሁን የሚሠራ ሹካ እነሱን አያውቃቸውም።» በአሮጌው ሹካ ግንድ ጫፍ ላይ ያለውን የብሎን ጥርስ አሳዩዋት። «የድሮው በጥርስ ነው የሚታሰረው። የዛሬው ጥርስ የለውም፤ ግንዱ ወደ ላይ ያልፍና መሪውን የሚይዘው አንገት በውጭ ይነክሰዋል። ውፍረቱ አንድ ኢንች የሆነ፣ ጥርስ የሌለው፣ ያልተቆረጠ ረጅም ግንድ ያለው የብረት ሹካ አሁንም የሚሠሩ አሉ። ከሹካው ጋር ኩሽኔታውንና የመሪውን አንገት እንለውጣለን። የፊቱንም ጎማ እንለውጣለን፤ የዛሬው በጥቂት ሚሊሜትር ያንሳል።»

ሸዋሉል የሚለወጠውን ሁሉ በጣቷ ቆጠረች። «እንዲህ ከሆነ ምኑ ቀረ?» አለች በመጨረሻ።

«የምትቀመጪበት ይቀራል፣ የምትረግጪው ይቀራል። ካልፈለግሽ ደግሞ ልጅሽ ያለችውን ግዢ። እውነቴን ነው፤ ደክሞሻል፤ ፊትሽ ላይ ይታያል። እኔም ብሆን ዳገት የሚገፋኝ ባገኝ አልጠላም። ለምንድን ነው ይሄን ሁሉ የምትለፊው?»

ይህን ጥያቄ ሔዋንም ጠይቃት በሌላ ወሬ አልፋው ነበር። አሁን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እዚያ ቤት ስገባ ‘ሸዋ፣ ውሃ’ ይሉኛል። እዚህ ቤት ‘ሸዋ፣ ሽንት ቤት’ ይሉኛል። ስልኩ ይጠራኛል፣ ቢሮው ይጠራኛል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው እየጠራኝ ነው የኖርኩት። ሳይክሉ ላይ ስወጣ ግን የሚጠራኝ የለም። አንድ ሰዓት። ከፊቲያ ሶደርማልም አንድ ሰዓት ዝም እላለሁ። አዲሱ ይሄን አይከለክልም፤ አውቃለሁ። ግን አዲስ ነገር እንደገና ለመልመድ ጉልበት የለኝም ጋሽ ዓሊ። ይሄን ሰውነቴ ያውቀዋል።»

ጋሽ ዓሊ ሜትራቸውን አነሡ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀት ላይ ልኮቹን አንድ በአንድ ጻፉላት፤ ሔዋን ያንን ይዛ ኢንተርኔት ላይ ፈለገችና ሌላ አገር ካለ ትንሽ ሱቅ አገኘችው። ትዕዛዙን ስትልክ ለእናቷ ደውላ «አገኘሁት!» አለቻት፤ ያን ቃል በአማርኛ ነበር ያለችው። ሸዋሉል ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ልብ ያለችው።

ሹካው ሲመጣ ጋሽ ዓሊ ግንዱን በፍሬሙ አንገት አሳለፉት። ያለምንም ትግል ገባ። ሸዋሉል ፍሬሙን ደግፋ ይዛ፣ እሳቸው ሦስት ጊዜ ለክተው በጠመኔ ምልክት አደረጉ። መጋዝ ሲያነሡ ግን ቆም አሉ።

«ዶክተሩ ስለ ጀርባሽ ምን አለ?»

«አትጎንበሺ አለ።»

ምልክቱን በአውራ ጣታቸው አጠፉና በሁለት ጣት ከፍ አድርገው እንደገና አሠመሩ። «እንግዲያው መሪውን ከፍ እናደርገዋለን። ብረት ከተቆረጠ በኋላ ‘ምነው’ ማለት ዋጋ የለውም።» ከዚያ ቆረጡ። በጾም አፋቸው፣ በየመሐሉ እያረፉ፣ ላባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ቆረጡ። ቀጭን የቀለበት ዓይነት ብረቶች ደርድረው መሪውን በላዩ አሰሩ፤ የፍሬኑንም ጎማዎች አዲሱ ቸርኬ ላይ እንዲያርፉ አራት ሚሊሜትር ያህል ዝቅ አደረጉ። ሹካው ጥቁር፣ ፍሬሙ ብርቱካን ሆኖ ሳይክሉ የተጣፈ ልብስ መሰለ።

«ቀለሙ አልገጠመም» አሉ ጋሽ ዓሊ።

«እኔስ ምኔ ገጥሞ?» አለች ሸዋሉል፤ ሁለቱም ሳቁ።

አፕሪል አጋማሽ ላይ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ሸዋሉል ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይክሉ ወደ ሥራ ሄደች። መንገዱ ላይ በረዶው እንዳያንሸራትት ክረምቱን የበተኑት ጠጠር ገና አልተጠረገም። አዲሱ ሹካ ከድሮው የፈጠነ ነው፤ መሪውን ትንሽ ስትነካው ይዞራል፤ የመጀመሪያውን ግማሽ መንገድ በፍርሃት ጨብጣው ነዳች። ጀርባዋ ግን አልታመመም። ሊልየሆልምስ ድልድይ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አጠራት፤ ወርዳ ሳይክሉን እየገፋች ድልድዩን በእግሯ ተሻገረች። ድሮ ይህን አድርጋ አታውቅም። ወጣቶች በጎኗ እያለፉ ሄዱ። አልተናደደችም፤ አልቸኮለችምም። ሥራ ቦታዋ አስራ ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ደረሰች። ከሰዓት በኋላ ከኃላፊዋ ጋር ተቀምጣ፣ ከሰመር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንድትሠራ የሚጠይቀውን ወረቀት ፈረመች። ወረቀቱ ከጃንዋሪ ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

በመመለሻዋ፣ ፊቲያ ልትደርስ ስትል ጋሽ ዓሊ ደወሉላት። ሳይክሏን የመንገድ ምሰሶ ላይ አስደግፋ ስልኩን አነሣች።

«እንዴት ነው? ወደ ጎን ይጎትታል?»

«አይጎትትም።»

«ፍሬኑስ?»

«ይይዛል።»

«ሲንቀሳቀስ ድምፅ አለው?»

«የለውም ጋሽ ዓሊ። እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን በጣም ነው የደከመኝ።»

«እሱን» አሉ ጋሽ ዓሊ፣ «እኔ አልጠግነውም። ቤትሽ ገብተሽ ተኚ።»

ሸዋሉል ቤቷ ገባች፤ ሳይክሉን መተላለፊያው ላይ አቆመችው፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ከመስኮቱ ውጭ ገና ብርሃን ነበር። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ። አላነሣችውም።