በረንዳው ላይ የቀረው የእጅ መኪና

ልጅ እያለሁ፣ ወረታ ቤታችን በረንዳ ላይ አባቴና እናቴ አንዱን ልብስ ለሁለት ይሰፉት ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸው በእጅ የሚዞር ስለነበር እሳቸው ጨርቁን በሁለት እጃቸው ሲመሩ፣ እናቴ በቀኛቸው ተቀምጣ እጀታውን ታዞራለች። «አዙሪ» ሲሏት ታዞራለች፣ «ያዢ» ሲሏት ታቆማለች። በመሀሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለኛ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። የአዲስ አቡጀዲና የመኪና ዘይት ሽታ ዛሬም ያንን የሁለቱን ወሬ ያመጣብኛል።

ክረምቱ አልፎ በፎገራ ሜዳ የተኛው ውኃ ሲጎድል ሥራ ይበረታል። ለኅዳር ሚካኤል አዲስ ልብስ የፈለገ የአቅራቢያችን የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬ፣ ጭቃው እግሩ ላይ እንደደረቀ ጨርቁን በብብቱ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን የወረታ ሰፊዎች በእግር የሚረገጥ መኪና ማስገባት ጀምረው ነበር። አባቴ አንድ ቁምጣ እስኪጨርሱ እነሱ ሁለት ያወጣሉ። ደንበኞቻችን እያደር ሳሱ።

ባሕር ዳር ሥራ የያዘው ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ይህን ሲሰማ የእግር መኪና ገዝቶ ላከ። አባቴ ደስ ብሏቸው መረቁት። ከዚያ መኪናውን እልፍኝ አስገብተው በጨርቅ ሸፈኑትና ወደ በረንዳቸው ተመለሱ። እኔ እንኳ በልቤ «ግትር ናቸው» ብዬ አፈርኩባቸው።

ለዒድ ሰይድ ራሱ መጣ። መኪናው እንደተሸፈነ፣ ላዩ ላይ የእናቴ ሰፌድ ተቀምጦበት አገኘው። ፊቱ ተለዋወጠ። አባቴን ወደ ጓሮ ይዟቸው ወጣ። እኔም የልብስ እጣቢ ልደፋ ወጥቼ ነበርና ሰማኋቸው።

«አባዬ፣ ስንት ወር አንድ ልብስ ብቻ ለብሼ ገንዘብ ያጠራቀምኩት ለዚህ ነው። ለምን ናቁብኝ?»

«አልናቅሁም፣ ልጄ» አሉ አባቴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የናትህ ዓይን እየከዳት ነው። እህሉን ከጠጠሩ መለየት አቅቷታል። እሳቱም አጠገቧ ሲደርስ ነው የሚታያት። ሳታይ የምትሠራው ይሄን ማዞሩን ብቻ ነው። እሱንም ከቀማኋት ምን ይዛ ትውላለች?»

 እኔ ምሳችን ላይ ጠጠር በነከስኩ ቁጥር በእናቴ ላይ መነጫነጬ ትዝ አለኝና ባዶውን ባልዲ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ሰይድ የእግር መኪናውን አውጥቶ ከአባቴ ማዶ አስቀመጠው፤ እኔንም አስቀመጠኝ። «አንቺ ትሰፊበታለሽ» አለኝ። እግሬ መርገጫው ላይ የሚደርሰው ከወንበሩ ጫፍ ስቀመጥ ነበር። እስኪሄድ አስተማረኝ። ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለው ስፌት የኔ፣ ኮሌታውና ኪሱ የአባቴና የእናቴ ሆነ። ከሄዱት ደንበኞችም ግማሾቹ ተመለሱ። የእናቴ ዓይን ጭራሹን ጨለመ፤ እጇ ግን ማዞሩን አልተወም።

አባቴ ካረፉ ከዓመት በኋላ የእናቴን ትከሻ ቅቤ እያሸሁላት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያማት ጠየቅኋት።

«ኧረ ድሮ ነው! አንቺ ገና ልጅ ሳለሽ» አለችኝ። «ማዞሩን ልተወው እል ነበር። ግን አባትሽ ያለኔ አይሆንላቸውም። ብቻቸውን በረንዳ ላይ እንዴት ልጣላቸው?»

ጓሮ የሰማሁትን ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ማሸቴን ቀጠልኩ።

ዛሬ እኔ አባቴና እናቴ ያኔ የነበሩበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ልጆቼ የሚገዙልን ዕቃ ሁሉ ቁልፉ ሲነካ ብቻውን ይሠራል። እመርቃቸዋለሁ፣ እጠቀምበታለሁም፤ ድካም ማን ይወዳል? ብቻ እኔ ጓዳ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዬን ሳስኬድ፣ ባለቤቴ ሳሎን ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ፣ አንዳችን ሌላችንን ሳንጠራ ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ አንዳንድ ቀን፣ ክሩን በመርፌው ካሳለፍኩ በኋላ መልሼ እመዘውና «እስቲ ና፣ ይሄ ክር እምቢ አለኝ» ብዬ ባለቤቴን እጣራለሁ።