ሲ ድራይቩን ያጸዳሁ ዕለት

ቦንጋ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ሆኜ የተቀጠርኩ ዕለት፣ ጠረጴዛ እንኳ ሳይሰጠኝ በቀጥታ ወደ ሰርቨር ክፍል ተወሰድኩ። የሠራተኞች ማህደር ሲስተም ቆሞ ነበር።

«እስከ ምሳ ይነሳልን» አሉኝ ኃላፊዬ አቶ ታምራት።

ችግሩን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ዊንዶውስ የተጫነበት ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ሞልቶ በቀይ ይታያል። ጊዜያዊ ፋይሎችን አጠፋሁ፤ ሲስተሙ ስለ ሥራው የሚመዘግባቸውን ያረጁ ሎጎች ወደ ዲ ድራይቭ አዛወርኩ። አልበቃም። የተሰረዙ ፋይሎች የሚቆዩበትን ሪሳይክል ቢን ብከፍተው እሱም ሞልቷል። የቆሻሻ ቅርጫት ለመድፋት ማን ፈቃድ ይጠይቃል? ደፋሁት። በተገኘው ቦታ ላይ ለወራት የተጠራቀመውን አፕዴት ጫንኩ። ሲስተሙ ከምሳ በፊት ተነሳ። አቶ ታምራት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ምሳ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ዘይነባ መጥተው ሰርቨሩ ፊት ተቀመጡ። ስካነሩ የተገጠመው እሱ ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቆየውም እሱ ብቻ ስለሆነ ለዓመታት የሠሩት በዚያ ነው። ጥቂት ፈለጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ካርቶኔን ማን ነካው?»

መዝገብ ቤት ውስጥ ውሳኔ የሚጠብቅ ወረቀት ጠረጴዛ ሥር ባለ ካርቶን ይቀመጣል፤ እሳቸውን ሳይጠይቅ ማንም አይጥለውም። ስካን ያደረጉትንም በዚያው ልማድ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያኖሩት ነበር። ሲፈልጉ መልሰው ያወጣሉ። እስከዚያ ቀን አንድም ፋይል ጠፍቶባቸው አያውቅም።

ከጠፉት አንዱ የጋሽ ኮጪቶ ማህደር ነበር። ጋሽ ኮጪቶ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፤ የአገልግሎት ደብዳቤዎቻቸውን ዋና ቅጂ ዝናብ አበላሽቶታል። ፋይል መመለሻ ፕሮግራም ሞከርኩ፤ አፕዴቱ በጠፉት ፋይሎች ቦታ ላይ ተጽፎበታል። ባክአፕ የሚባል መጠባበቂያ ቅጂም አልነበረም። በጣም አፈርኩ።

ጋሽ ኮጪቶ በሠሩባቸው ወረዳዎች ሁሉ አብሬያቸው ዞርኩ። ደካ ላይ ቅጂ ተገኘ። ዋጫ ላይ ግን የሦስት ዓመት አገልግሎታቸውን የሚያሳይ ወረቀት ጠፋ።

«አብረውኝ ያደሩ ጥበቃዎች እኮ አሁንም አሉ» አሉት ጋሽ ኮጪቶ የዋጫውን መዝገብ ቤት ሠራተኛ።

«ጋሼ፣ እኛ የምንቀበለው ደብዳቤ ነው» አላቸው።

የዋጫው ሦስት ዓመት ሳይቆጠርላቸው ጡረታ ወጡ። ሲፈርሙ አጠገባቸው ነበርኩ። ቀና ብለው አዩኝና «አንተም ከእኔ ጋር ተንከራተትክ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬም ሥራዬ ሰርቨር ነው። ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ ባክአፕ እወስዳለሁ፤ ቀጥሎ በማሽኑ የሚሠራውን ሰው አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ፎልደሮቹ አንድ በአንድ እጠይቀዋለሁ። የማጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ይውሰድ።