አትሰማም የተባለችው ልጅ እናት

አንድ ተራ ቀን ይህችን ሴት ድምጿን ያስከፍላታል። ልጇን ስትቀሰቅስ ትጮኻለች፣ ስታለብስ ትጮኻለች፣ መንገድ ስታሻግር ትጮኻለች። ሆስፒታል ለጽዳት ሥራዋ ስትደርስ ጉሮሮዋ ስለሚዘጋ ባልደረቦቿ «ሹክሹክታ» ይሏታል።

ዛሬ የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች በልጇ ትምህርት ቤት የምዘና ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ያስጠሯት የልጇ አስተማሪ ናቸው፤ እሳቸውም አጠገቧ ተቀምጠዋል። «ልጅሽ አትሰማም። እንዲህ ከሆነች ትምህርት ቤት ምን ያደርግላታል? ትውጣ» ብለዋታል።

የምዘና ባለሙያዋ ከልጅቷ ጀርባ ቆማ የቁልፍ ዘለላ ወለሉ ላይ ጣለች። እናትየው ደንግጣ ብድግ አለች። ልጅቷ ግን ሥዕሏን እየቀባች ዞር እንኳ አላለችም።

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ አትሰማም» አለች ባለሙያዋ ለአስተማሪው። «ጆሮዋ ነው እንጂ ጠባይዋ አይደለም። ሕጉ ደግሞ አግዟት እንጂ አስወጧት አይልም።»

አስተማሪው አቀረቀሩ። እናትየው ደስ ይበላት ይክፋት አልታወቃትም፤ ማታ ማታ «ስሚ» እያለች የምትቆነጥጠውን ያንን ትንሽ ጆሮ በአውራ ጣቷ ስትደባብስ ቆየች።

ይህን ለምታነቡ አንድ አደራ አላት። ድምጿ ዝግ ነውና ጠጋ ብላችሁ አድምጧት፦ «ልጃችሁ አይሰማም ሲሏችሁ፣ ጆሮውን ከመቆንጠጣችሁ በፊት ከጀርባው ቆማችሁ በስሙ ጥሩት።»