የረቡዕና የዓርብ ጣሳ

ፈንታዬ የመካነ ሰላም ተማሪዎች ምሳ አብሳይ ሆና እንደተቀጠረች አንድ ጣጣ ገጠማት፤ ረቡዕና ዓርብ የምታገነፋውን ገንፎ ራሷ መቅመስ አትችልም። የእርዳታ የዱቄት ወተት ይገባበታል፣ እሷ ደግሞ ጾም በመግደፍ የምትታማ ሴት አይደለችም። ስለዚህ በጾም ቀን ጨዉን የሚያይላት ዘበኛው ጀብሪል ነበር። ጀብሪል አንዴ ይቀምሳል፣ ይደግማል፣ ከዚያ ጢሙን ጠርጎ፣ «እንዲያው ለመፍረድ ይቸግራል ወላሂ፣ እስቲ ትንሽ ጨምሪልኝ» ይላል።

ጊዜው ጥቅምት ስድሳ ሰባት ነው። ክፉው ቀን ገና ከደጅ አልራቀም፤ ንጉሡ ከዙፋን ወርደዋል፤ ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ማርሽ ያሰማል። ፈንታዬን ያንገበገባት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰባት ዓመት ያለፋቸው የክርስቲያን ልጆች በጾም ቀን ወተት ያለበት አይነኩም። የሙስሊሞቹ ልጆች ጠግበው በልተው እንኳ ከድስቱ ብዙ ይተርፋል፤ የተረፈው አድሮ ይሻግታል፤ መጨረሻው የውሻ ሲሳይ ነው። በወሎ ምድር፣ በዚያ ዓመት፣ ገንፎ ለውሻ! «ኧረ እህል ይፋረደናል!» እያለች ድስቱን በማማሰያ ትደልቃለች። ጿሚዎቹ ልጆች ቤት ላሉት ታናናሾቻቸው በደብተር ወረቀትና በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ለመውሰድ ይሞክሩ ነበር፤ ግማሹ መንገድ ላይ ለጉንዳን ይቀራል።

ወተቱ የሚመጣበት ባለክዳን ጣሳ ግን ከማድ ቤቱ ጀርባ ተከምሯል። አንድ ቀን ፈንታዬ ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። ጀብሪል ስለታም ጠርዙን በድንጋይ ፈግፍጎ አለዘበላት። ከዚያ ወዲያ ጿሚ ልጅ ሁሉ ድርሻውን በጣሳ ያስሞላል፣ ክዳኑን ይገጥማል፣ ለሕፃናቱ ይወስዳል፤ በማግስቱ ጣሳውን አጥቦ ይመልሳል። ውሾቹ ተቀየሙ እንጂ ሰው ሁሉ ደስ አለው።

ብዙ ሳይቆይ ጣሳው መመለሱን ተወ። መጀመሪያ አንድ ሁለቱ ቀረ፣ ኋላ አብዛኛው። ከአብዮቱ ወዲህ በተራ ቋንቋ መናገር የተዉት ዲሬክተሩ አቶ መለሰ ማድ ቤት ድረስ መጡ።

«ወይዘሮ ፈንታዬ፣ ጣሳ የሕዝብ ንብረት ነው!»

«ታዲያ የወሰደውስ ማን ሆነና? ሕዝቡ አይደል!»

አቶ መለሰ አልሳቁም። እስከ ዓርብ ጣሳው ካልተመለሰ አንድ ጭልፋ ገንፎ ከግቢው እንደማይወጣ ነግረዋት ሄዱ።

አፏን ሞልታ ትመልስ እንጂ ፈንታዬ ራሷ ጨሳ ነበር። ጣሳ ገበያ ላይ መስፈሪያ ነው፤ ባለ ጨውም ባለ በርበሬም ቢያገኘው አይጠላም። ሸጠውታል፣ ሌቦች፣ ብላ ደመደመች። ማክሰኞ ነጠላዋን አጣፍታ በቅርብ ወዳለው ወደ ሸጋዬ ቤት ወረደች። ሸጋዬ የተማሪዋ የብዙዬ እናት ናት፤ ባሏ በክፉው ቀን ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ ወረኢሉ እንደሄደ ቀርቷል።

ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ጣሳውን አየችው። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ መደብ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ልታደርጊው ነው ያስቀመጥሽው?»

ሸጋዬ አንገቷን ደፋች። «የሰው ዕቃ ባዶውን እንዴት ይመለሳል እትዬ? ገብሱ ይድረስና ትንሽ ቆሎ ጣል አድርጌበት እልካለሁ ብዬ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ነን።»

ፈንታዬ ቁጣዋ እንደ ጉም በነነ። እሷስ ብትሆን ከጎረቤት የመጣ ሰሃን ባዶውን መልሳ ታውቃለች? ሌባ ስትላቸው የሰነበተችው ሴቶች በዕቃው ላይ ጣል የሚያደርጉት አጥተው ያፈሩ ናቸው። አሁን ማፈሩ የእሷ ተራ ሆነ፤ ዝም ማለት ግን አልፈጠረባትም።

«ቆሎሽን ማን ጠየቀሽ! እኔ የቸገረኝ የድስት መፈግፈጊያ አመድ ነው። በጣሳው አመድ ላኪልኝ፤ ለሌሎቹም ንገሪ።»

ዓርብ ጠዋት ጣሳው ጎረፈ። አቶ መለሰ አንዱን ከፍተው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሲያሸቱ አነጠሱና ጢማቸው ነጣ። ጀብሪል ሳቁን ይዞ ወደ አጥሩ ሮጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አመድ ነዋ፣ የድስት ማጠቢያ! ጣሳዎንስ አገኙ አይደል?»

ዲሬክተሩ ኮታቸውን እያራገፉ፣ ገንፎው እንደ ወትሮው ይውጣ አሉ።

የሸጋዬ ጣሳ ብቻ አልመጣም። ረፋዱ ላይ ሸጋዬ ራሷ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ውስጡ ያብረቀርቃል፤ ምንም የለበትም።

«አይቀየሙኝ እትዬ» አለች። «ምድጃዬ እሳት ካየ ሰንብቷል፤ አመዱንም አጣሁት። የምልከው ባጣ እኔው መጣሁ። ድስቱን ላጥብልዎ።»

ማክሰኞ ፈንታዬ ሸጋዬ ቤት ከዚያው ምድጃ አጠገብ ቆማ ነበር። ስለ ጣሳ ስታስብ ምድጃውን አላየችውም። እንባዋ መጣ። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፤ ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው ጎረቤት በላከው አመድ የትናንቱን ድስት ይፈገፍጉ ጀመር። የዛሬው ገንፎ አጠገባቸው ይንተከተካል፤ አንዳቸውም አይቀምሱትም።

«ሰኞም ነይ» አለች ፈንታዬ፣ ቀና ሳትል። «ሰኞ ፍስክ ነው፤ ጨዉን አብረን እናያለን።»