አሥር ሚክሮን ስንት መስመር ነው

አንድ ሚሊ ሜትር ሺህ ቦታ ቢቆረጥ አንዷ ቁራጭ ሚክሮን ትባላለች። የራስ ጠጉር ሰባ ሚክሮን ያህል ይወፍራል። እኔ እንጀራዬን የምበላው በአሥር ሚክሮን ነው። እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ኢሊት ሰፈራችን ውስጥ ይህን ሳወራ ሰዎች ይስቃሉ። ይሳቁ።

የምሠራው ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ ትንሽ የብረት ፋብሪካ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ያሳለፍኩት በማጠቢያ ገንዳው ላይ ነው፤ ሌሎች የሠሩትን ብረት ከዘይቱና ከብናኙ ሳጥብ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ያደግሁት ከወናፉ አጠገብ ነው። አገር ቤት ብረት ስለምንሠራ ቡዳ ተባልን፤ እዚህ ብረት ልሥራ ብል ወደ ማጠቢያው ላኩኝ። ማንበብ አይችልም አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልችልም ነበር። ተማር ያለኝም ግን አልነበረም።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ከሕንጻችን ሥር ባለው የቦምብ መጠለያ አንድ ጡረተኛ መምህር ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ አማርኛና ሒሳብ ያስተምሩን ነበር። ዕብራይስጡን ኋላ በኡልፓን፣ በአዲስ ገቢዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ያዝኩት። መምህሩ እያንዳንዱን ምልክት በጣቴ እየነካሁ፣ ድምፄን አውጥቼ እንዳነብ አድርገው ነው ያስለመዱኝ። ዛሬም እንደዚያው ነው የማነበው። አውቶቡስ ውስጥ ያፈጡብኛል፤ ያፍጥጡ።

ብረት እየፋቀ የሚያስተካክለው መሳያ ማሽን ሠራተኛ ሲያጣ እኔ ልሞክር አልኩ። ሌላ የፈለገው ስላልነበረ ሰጡኝ። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ነገር ነው፤ ብረቱ ማግኔት ላይ ይጋደማል፣ የሚስለው ድንጋይ ከላይ ይዞራል። ድንጋዩን ዝቅ የሚያደርገው መዘውር የተሰመረው በኢንች ነው፤ አንዷ መስመር የኢንች አሥር ሺኛ ናት። የሚመጣልን ንድፍ ግን በሚክሮን ነው። መሀል ቆሞ የሚያስታርቃቸው ሠራተኛው ነው።

አንድ ኢንች ሃያ አምስት ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አንዷ መስመር ሁለት ተኩል ሚክሮን ናት፣ ከጥቂት ትርፍ ጋር። አሥር ሚክሮን መፋቅ ከፈለግህ አራት መስመር ታዞራለህ፤ ትርፏ አትጎዳም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ልፋቅ ብለህ በሁለት ተኩል ካካፈልህ ግን ያቺ የናቅሃት ትርፍ ተጠራቅማ ስምንት ሚክሮን ትበላብሃለች። ይህን አንድ ብረት አበላሽቼ ነው የተማርኩት። ከዚያ ወዲያ ከአምስት እስከ አምስት መቶ ሚክሮን ያለውን ሁሉ በትክክል አካፍዬ፣ ርእሱን በአማርኛ ጽፌ፣ የማሽኑ በር ላይ ለጠፍኩት። ሁለት ዓመት በእርሱ ስሠራ አንድም ዕቃ አልተመለሰብኝም።

ከዚያ አዲስ መሐንዲስ መጣ። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ማሽን ላይ አይለጠፍም ብሎ የእኔን ልጦ ሰጠኝ። በማግሥቱ ጠዋት በኮምፒውተር የታተመ፣ ፕላስቲክ የለበሰ ሰንጠረዥ ሰቀለልኝ።

የዚያን ቀን ማግኔቱ ላይ አርባ ብረቶች ተደርድረው ነበር። ሦስት ሳምንት የተለፋባቸው ናቸው፤ የቀራቸው የመጨረሻዋ አሥር ሚክሮን ብቻ ነበረች። ድንጋዩ በአርባዎቹም ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚያልፍ፣ ከተበላሹ አብረው ነው የሚበላሹት። አለቃችን፣ መናሄሉ፣ ከመሐንዲሱ ጋር መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ትርፍ ብረት የለንም» አለኝ። «እነዚህ ከተበላሹ ወደ ገንዳህ ነው የምትመለሰው።»

አዲሱን ሰንጠረዥ በጣቴ ማንበብ ጀመርኩ። አጠገቤ ዕቃ የምታሽግ የጎጃም ሴት አለች፤ በአማርኛ ትተርበኛለች።

«ጋሼ፣ ዛሬም ዜሮ ትቆጥራለህ? ዜሮ እኮ ባዶ ነው።»

«ባዶነቱን የምታውቂው ስትረግጪው ነው» አልኳት።

አምስት ሚክሮን ከሚለው አጠገብ 0.0002 ይላል። ሁለት መስመር፣ ልክ ነው። ከሥሩ ያለው አሥር ሚክሮን ግን 0.0039 ይላል። እንደገና ነካሁት፤ አንዷ ዜሮ ጎድላለች። እንደ ወረቀቱ ከሆነ ሠላሳ ዘጠኝ መስመር ላዞር ነው፤ ወደ መቶ ሚክሮን። አርባውም ብረት ይሄዳል፣ ድንጋዩም ይሰበራል። እኔም ወደ ገንዳዬ።

«ይህ ስሕተት ነው፤ አላዞርም» አልኩ።

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። «ከኮምፒውተር የወጣ ነው፣ ወዳጄ። አንተ ወረቀቱ የሚልህን ሥራ።»

«እንግዲያው መዘውሩ ያውልህ፣ ራስህ አዙር።»

እጄን አንስቼ ገለል አልኩ። መናሄሉ እኔን አየ፣ እርሱን አየ። መሐንዲሱ ወደ መዘውሩ ቀረበ እንጂ አልነካውም።

«ከማዞርህ በፊት ሁለቱን መስመሮች አንብብልን» አልኩት። «በጣትህ፣ ጮክ ብለህ።»

«እንደ ሕፃን?»

«እንደ እኔ።»

መናሄሉ «አንብብ» አለው።

ጣቱን አስቀመጠ። «አምስት፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት።» ወደ ታች ወረደ። «አሥር፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሦስት…» ጣቱ እዚያው ቀረ። አንገቱ ቀላ። የጎጃሟ ሴት ዕብራይስጡን በደንብ ትሰማለች፤ ማሸጓን አቁማ ነበር።

አልፈርድበትም ብል ውሸት ነው፤ ፈረድኩበት። ሰውየው ከልጅነቱ የተማረ ስለሆነ ዓይኑ በቁጥር ላይ እየዘለለ ይሄዳል። የእኔ ዓይን መዝለል አልተማረም።

አራት መስመር አዞርኩ። ድንጋዩ ሲያልፍ ቀጭን ድምፅ ብቻ ተሰማ፣ እንደ ፉጨት። አንዱን ብረት አንስቼ መለኪያው፣ ማይክሮሜትሩ፣ ውስጥ አስገባሁና ለመናሄሉ ሰጠሁት። አየው። ሌላ አነሳ፣ እሱንም ለካ። አምስት ያህል ለካ።

«በሴዴር» አለ፤ ደህና ነው ማለቱ ነው። ከእርሱ አፍ ከዚህ የበለጠ አይወጣም። ከዚያ ፕላስቲኩን ከበሩ ላይ ነቅሎ ለመሐንዲሱ አስታቀፈውና ወደ እኔ ዞረ። «ወረቀትህ የት አለ?»

ከመሳቢያዬ አወጣሁት። ጥጉ ተቀዷል፣ ዘይትም ነክቶታል። በዚያው በድሮ ቦታው ለጠፍኩት።

መሐንዲሱ አልሄደም። ቀረብ ብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ፤ በጣቱ ነበር የሚያየው። ከዚያ ከላይ ያለውን የአማርኛ ርእስ ነካ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«መምህሬ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ ፊደል ያስተምራሉ» አልኩት። «እኔ በአርባ አንድ ዓመቴ ነው የጀመርኩት። አንተ ገና ነህ።»

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ወረቀቱ አሁንም በሩ ላይ ነው፤ ገንዳው ላይም ሌላ ሰው ነው ያለው።