ሰባ ሸክም ጓሳ

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደስ ይለናል የሚሉ ሰዎች አሉ። እንደኔ አያድርጋቸው! እዚህ ጎንደር ክረምት ገብቶ ጣሪያው መንኳኳት ሲጀምር ሬዲዮኑን አጠፋለሁ፤ ልጆቼንም ዝም አሰኛለሁ። ያኔም ቢሆን የሰው ድምፅ አይሰማም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ወጣት ነበርኩ፤ የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገና መቀጠሬ ነው። ሥራዬ ማመልከቻ መቀበል ነበር። አባቴ ደግሞ ደጋው ላይ፣ ከፓርኩ ክልል ውስጥ ያለች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ነበሩ። ክዳኗ ጓሳ ነበር። ጓሳ ታውቃለህ አይደል? ብርድ አገር የሚበቅለው፣ ዝናብ ሲነካው እንደ እርጥብ ጭድ የሚሸተው ረጅም ሣር። በአባቶች ሥርዓት ጓሳው ተከልሎ ይኖር ነበር፤ ከብትም ማጭድም አይደርስበትም፤ የሚከፈተው የቤተ ክርስቲያኗ ክዳን ሲያረጅ ብቻ ነው። ፓርኩ ሲመጣ ያን ሁሉ ሣር ማን ጠብቆ ያቆየለት መሰለህ? በኋላ ግን ማጨድ በፈቃድ ሆነ።

ክዳኑ አርጅቶ መቅደሱ ማፍሰስ ጀመረ። አባቴ በጥር አውቶቡስ ተሳፍረው መጡ። እኔ ቤት አደሩ፤ ስለ ጉዳያቸው ትንፍሽ አላሉም። ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ከባለጉዳይ ጋር ተሰልፈው አገኘኋቸው። ተራቸው ሲደርስ ማመልከቻውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ሰባ ሸክም ጓሳ እንድናጭድ ይፈቀድልን» ይላል።

ቅጹ ላይ ያለው ሳጥን ግን «በሄክታር» ነው የሚለው።

«አባ፣ በሄክታር ካልተገለጸ አልቀበልም» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ? እኛ የምንሸከም ሣሩን፤ መሬቱን ምን ልናደርገው?»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያበላሸኝ። ለአባቱ አዳላ እንዳልባል ፈራሁ። አንድ ቁጥር በእስክሪብቶ ጣል ባደርግበት እኮ ያልቅ ነበር! የሌላ ሰው ቢሆን አደርገው ነበር። የአባቴን ግን «ባለሙያ ሄዶ ይለካ» ብዬ ጽፌ መለስኩት።

«ሸጋ፤ ሥራህ ነው» አሉና ወጡ።

ለባለሙያው መኪና የለም ተባለ። መኪና ሲገኝ ነዳጅ ጠፋ። ነዳጅ ሲገኝ ባለሙያው ስብሰባ ገባ። በመከራ ተለክቶ ሲመጣ ኃላፊያችን «ለበላይ አካል ይጻፍ» አለ፤ የበላይ አካል የተባለው ደግሞ «እዚያው በእናንተ ይታይ» ብሎ መለሰው። ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ ስነታረክ ግንቦት አለቀ። ሰማዩ ፊርማ አይጠብቅም፤ ምእመኑ ያለውን አዋጥቶ ቤተ ክርስቲያኗን ቆርቆሮ አለበሳት።

ፈቃዱ በነሐሴ ወጣ። ያውም ባለ ሦስት ማኅተም! ራሴው ይዤው ሄድኩ። የተነሣው አሮጌ ጓሳ ከቅጥሩ ሥር ተቆልሎ ይበሰብሳል፤ ሽታው እስከ ደጀ ሰላሙ ይመጣል። አባቴ ወረቀቱን ቀስ ብለው አነበቡት።

«ሸጋ ጽሑፍ ነው» ብለው አጣጥፈው መለሱልኝ። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ዝናብ ሲጥል ቅዳሴው አልሰማ እያለ ተቸገርን እንጂ...»

ከዚያ በኋላ ስለ ጓሳው አንስተውብኝ አያውቁም። ቢቆጡኝ ምናለ!

ዛሬ እዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነኝ። ቅጹም ያው ነው። ሸክም የሚል ሳጥን ይጨመርበት ብዬ ለበላይ አካል ስንቴ ጻፍኩ መሰለህ፤ «ይታያል» ይሉኛል። እስኪታይ ድረስ የሰዉን ሸክም እኔው በእጄ ወደ ሄክታር እየቀየርኩ እጽፋለሁ። አዳላ ያለ ይበል።

አባቴ ያረፉት በሐምሌ ነው። ፍትሐቱ የተደረገው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ቆርቆሮ ሥር ነበር። ዶፍ ይወርዳል። ካህናቱ አስከሬኑን ከበው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ወደ ራስጌው ተጠጋሁ፤ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ለአባቴ ከተጸለየው አንዲት ቃል አልሰማሁም።